47 ቀን ተዘግቶ ስለቆየው የግቢያችን ቫልቭ የቀረበ ቅሬታ

ጤና ይስጥልኝ።

የሕንፃችንን የእሳት ማጥፊያ ውሃ መስመር ለተከላችሁትና ለምትጠግኑት ለእናንተ የምጽፈው የሕንፃው አስተዳዳሪ ነኝ። አራት ጊዜ ደውዬ አራቴም «እንመለስልሃለን» ተባልኩ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ፤ ቢያንስ ጽሑፍ «ኔትወርክ ተቋረጠ» አይልም።

ጉዳዩ ያ ግቢ ውስጥ የቆመው ቀይ ቋሚ ነው። ከፓምፕ ቤቱ ወደ ሕንፃው በመሬት ውስጥ የሚገባውን የስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጨው) ውሃ የሚዘጋውና የሚከፍተው። ቫልቩ ራሱ ተቀብሯል፣ አይታይም። ክፍት ይሁን ዝግ የምናውቀው ቋሚው ላይ ባለችው የእጅ መዳፍ በምታህል መስታወት ብቻ ነው። ከውስጧ ያለው ጽሑፍ ሲከፈት «ኦፕን»፣ ሲዘጋ «ሸት» ይላል። ይህን ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ።

የካቲት 27 ቀን 2017 ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዲጠግኑ ሁለት ልጆች ላካችሁ። ልጆቹን አልወቅስም፣ እጃቸው ጥሩ ነው። ቫልቩን ዘጉ፣ ውሃውን አፈሰሱ፣ ቧንቧውን ቀየሩ፣ መልሰው ከፍተው ሞሉት። እዚህ ድረስ ምንም አይወጣለትም። ከዚያ አንዱ መገጣጠሚያ ላብ ላብ ሲለው እንደገና ዘግተው አጠበቁት፣ መሸ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። መልሶ የከፈተው የለም። ጾሙ ተጾመ፣ ፋሲካ ገባ፣ ቫልቩ እንደተዘጋ ነው።

በመሃሉ ደግሞ መጋቢት 18 ለምርመራ መጣችሁ። ለምርመራ! ቋሚው ዝጎ ስለነበር ቀለም ቀባችሁት፣ አመሰግናለሁ፣ ግን መስታወቷንም አብራችሁ ቀባችኋት። በዚያው ቀን በሞላችሁት ቅጽ ላይ «የግቢ ቫልቭ፦ ክፍት» ከሚለው ፊት ለፊት ራይት አለ፣ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለ። ቅጹ እጄ ላይ ነው። እስኪ ንገሩኝ፣ በቀይ ቀለም በተደፈነ መስታወት ውስጥ ምን አይታችሁ ነው ራይት ያደረጋችሁት?

ነገሩን የደረሱበት ጥበቃችን ናቸው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚያዝያ 14፣ ግቢ ሲጠርጉ መስታወቷ መደፈኗን አይተው በአንድ ብር ሳንቲም ይፍቋታል። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይወርዳል። «ኢንጂነር፣ እዚህ ጋ ምንድነው የሚለው?» ብለው ጠሩኝ። (እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ እሳቸው ግን ቁልፍ የያዘውን ሁሉ ኢንጂነር ነው የሚሉት።) ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሸት።

ወዲያው ደወልኩላችሁ። ስልኩን ያነሳው ባለሙያ «ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ስንት ያሳያል?» አለኝ። ደረጃው ሥር ያለውን ሄጄ አየሁ፣ 7 ባር። «እንግዲያው ክፍት ነው፣ ጽሑፉ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ገላገለኝ። እውነት ለመናገር አምኜው ልተወው ነበር። ግን ስትተክሉት ስላየሁ ከጌጁ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ቧንቧ ከፈትኩት። ውሃው ፏ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄደ፣ የጌጁም ቀስት ዓይኔ እያየ ከ7 ወርዶ 1 አካባቢ ደረሰ። ፓምፑ ግን ጸጥ። ቫልቩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ሲወርድ ፓምፑ በራሱ መነሳት ነበረበት። 7 ባር ያልነው ቧንቧው ውስጥ ታፍኖ የቀረ ግፊት ነው። ከኋላው የሚመጣ ውሃ የለውም። ይህን እኔ፣ የሒሳብ ሰው፣ ለእናንተ ማስረዳቴ ራሱ ይገርመኛል።

ለምን እንዲህ እንደተቆጣሁ ካልገባችሁ ሕንፃውን አስቡት። ምድር ላይ የፍራሽና የስፖንጅ መሸጫ አለ፣ እስከ ጣሪያ የተከመረ። በበዓሉ ዋዜማ እዚያው በር ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ከሰል ተያይዞ ቡና ሲፈላ እኔም አንድ ስኒ ጠጥቻለሁ። ከበላያችን የነበረው ስፕሪንክለር በ68 ዲግሪ ይፈነዳል የተባለው ቀዩ ብርጭቆ ያለው ነው። ቢፈነዳ ኖሮ ያው የታፈነችውን ውሃ ለትንሽ ጊዜ ይረጭና ይደርቅ ነበር። ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ የደረሰውን ቃጠሎ ሁላችንም አይተናል። ደግሞ አሜሪካኖቹ ባጠኑት መሠረት ስፕሪንክለር ሳይሠራ ከቀረባቸው ቃጠሎዎች በአብዛኛው ምክንያቱ የዕቃ ብልሽት አይደለም፣ ሲስተሙ ተዘግቶ መገኘቱ ነው። ያ ሰው የዘጋው ነገር፣ የኛ ግቢ ውስጥ 47 ቀን ቆሞ ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ቫልቩን ሰው ሲነካው የጥበቃ ክፍል ያለው ፓኔል ላይ የሚጮህ ማብሪያ ገጥመናል ብላችሁ በደረሰኝ አስከፍላችሁናል። ታዲያ 47 ቀን ለምን አልጮኸም? ኤሌክትሪሺያናችን ክዳኑን አራት ብሎን ፈትቶ ሲከፍተው ሁለቱ ሽቦዎች ተጠቅልለው፣ ጫፋቸው በጥቁር ናስትሮ ታስሮ፣ የትም ሳይገናኙ ተቀምጠዋል። ፎቶ አንስተነዋል። ይሄ እንግዲህ መርሳት አይባልም። የረሳ ሰው ናስትሮ አያስርም።

የምፈልገው እንዲህ ነው። እስከ መጪው ሰኞ ሰው ላኩ፣ የሚያውቅ ሰው። ማብሪያውን ያገናኝና እኛ ፊት ቫልቩን አዙሮ ፓኔሉ ሲጮህ ያሰማን። መስታወቷን ያጽዳ ወይም ይቀይር። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ይክፈት፣ ጫፍ ላይ ደርሶ ዘንጉ ሲመልሰው ይሰማውና ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሰው፤ ውላችን ላይ ኤንኤፍፒኤ 25 ብላችሁ የጻፋችሁት፣ የአሜሪካኖቹ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መስመሮች ምርመራና ጥገና መመሪያ የሚለው ይህንን ነው። ተዘግቶ የተከፈተ ቫልቭ የማፍሰሻ ሙከራ ሳይደረግለት አይተውም የሚለውም እዚያው አለ። ውሃው ከመለቀቁ በፊትና እየፈሰሰ ሳለ ጌጁ ያሳየው ቁጥር ይጻፍልን፣ ዝም ብሎ ራይት አልቀበልም። የመጋቢት 18ቱ የምርመራ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። የማብሪያው ሥራ ሂሳብም እስኪያያዝ ድረስ ከቀጣዩ ክፍያ ተይዟል። ሰኞ ካለፈ ውሉን ይዤ ሌላ ድርጅት ዘንድ እሄዳለሁ፣ ቅጹንና ፎቶዎቹን ደግሞ ለሚመለከተው አስገባለሁ።

ለጊዜው ቫልቩን እኛው ከፍተነዋል፣ ወደ ሃያ ዙር ነው የዞረው፣ በሰንሰለትና በቁልፍ አስረነዋል። ጥበቃው በየቀኑ ጠዋት መስታወቷን አይተው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፤ ፊደሎቹን በወረቀት ጽፌላቸዋለሁ። የከፈትነው ግን ከጎረቤት ጋራዥ በተዋስነው ጅራቱቦ ነው፣ ምክንያቱም ቋሚው ጎን መንጠቆው ላይ መንጠልጠል የነበረበትን መክፈቻ ልጆቻችሁ የካቲት ላይ ይዘውት ሄደዋል። ሰኞ ስትመጡ እሱንም ይዛችሁ ኑ።

የሕንፃው አስተዳደር
አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.