ስምንት ሺህ ብር ሲባል እጅ ላይ ስንት ይገባል?

ክቡር አዘጋጅ፣

የምታወጧቸውን የሥራ ማስታወቂያዎች እዚህ ባሕር ዳር ብዙ ሰው ይከታተላል። አብዛኞቹ «ደመወዝ በስምምነት» ይላሉ። ቁጥር የሚጽፉትም ጥቅል (ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰለት) ይሁን የተጣራ (እጅ ላይ የሚገባው) አይናገሩም። የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወር ሲያልቅ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እስቲ አስላልኝ» እያለ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ዓባይ ማዶ ያለች የጎረቤቴ ልጅ ጣና ዳር አንድ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት ተቀጠረች። 8,000 ብር ተባለች፤ በዚያው ተማምና ቤት ተከራየች። የደመወዝ ቀን ካሸሪው ፔሮሉ፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ መዝገቡ ላይ ማስመሪያ አጋደመና ከስሟና ከመፈረሚያዋ በቀር ሁሉንም ሸፈነው። የሌላ ሰው ደመወዝ እንዳይታይ ነው አሉ። የራሷም አልታያት! ፈርማ የተቀበለችው 5,790 ብር ነው።

እስቲ ማስመሪያውን እናንሳው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ የቀረው 35 በመቶ ይከፍላል። ለእሷ አቋራጩ ቀላል ነው፦ የ8,000 ሃያ አምስት በመቶ 2,000 ነው፤ ከ7,000 በታች ያለው ከ25 በመቶ ያነሰ ስለሚከፍል ልዩነቱ 850 ሲቀነስ ግብሯ 1,150 ይሆናል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 560 ብር። የአሠሪው 11 በመቶ ከእሱ ኪስ ነው፣ እሷን አይነካም። ስለዚህ 6,290 ብር ሊደርሳት ይገባ ነበር።

500 ብሯስ? የደንብ ልብስ ተብሎ ተቆርጧል። የነገራት የለም፣ ተስማምቻለሁ ብላ የፈረመችውም ወረቀት የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ ደመወዝ አይቆረጥም ይላል። ሠራተኛው ከጠየቀም አሠሪው መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ይህን ስነግራት «ገና በመጀመሪያው ወር እንዴት ብዬ ልጠይቅ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው አፉን ቢይዝ አይፈረድበትም።

አንድ ሌላ ወሬም አለ፤ ጭማሪ ሲመጣ «እርከኑን ካለፍኩ ግብሩ ይበላኛል» የሚሉ አሉ። አይበላም። ከ10,000 ወደ 10,200 ብር ያደገ ሰው 30 በመቶ የሚከፍለው በ200ዋ ላይ ብቻ ነው። ግብሩ 60፣ ጡረታው 14 ብር ይጨምራል፤ 126 ብር ኪሱ ይገባል። በጥምቀት ሰሞን ትርፍ ሰዓት የሠራም ግብሩ በድምሩ ላይ ይሰላበታል፤ ጡረታው ግን ከመነሻ ደመወዙ ላይ ብቻ ነው። እስከ 600 ብር ነፃ የሚል ማስያ ስልካችሁ ላይ ካለ የድሮው ነው፣ አጥፉት።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። ደመወዝ ጠቅሶ ማስታወቂያ የሚያስነግር ድርጅት «ጥቅል» ወይም «የተጣራ» የምትለዋን ቃል ካልጨመረ አትቀበሉት። በቃላት የምታስከፍሉ ከሆነ ለእናንተም ገቢ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛው፣ ከባሕር ዳር