ልጄ አልፏል፤ ቅሬታዬም እሱው ነው

ለአካባቢያችን የመንጃ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ደብዳቤ አስገብቼ መልስ አጣሁ። በአካል ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። እንግዲህ ሰው ሁሉ እያየ ልጠይቅዎት። ስብሰባው ሲያልቅ ያነቡት ይሆናል።

ልጄ ማሰልጠኛ የገባው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ለአውቶሞቢል ሕጉ ከዚያ በታች አይፈቅድም፤ ጠበቅን። ንድፈ ሐሳቡ ላይ ችግር አልነበረም፤ ምልክቶቹን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣቸዋል። ጉዱ ያለው ተግባር ላይ ነው። አንዲት አሮጌ መኪና ውስጥ ተጠቅጥቀው ይገባሉ። አንዱ መሪ ይይዛል፣ የቀሩት ከኋላ ተራ ይጠብቃሉ። አሰልጣኙ አንድ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ስልኩን ይጎረጉራል። የልጄ ተራ ሲደርስ ሜዳውን ይዞራል፣ በተተከሉት እንጨቶች መሃል በኋላ ማርሽ ይገባል፣ ይወርዳል። በቃ። አስፋልት አልወጣም። ማታ አልነዳም። ዝናብ ላይማ ጭራሽ።

አቴንዳንሱን ግን በዓይኔ አየሁት። የየቀኑ ሰዓት ጢም ብሎ ተሞልቷል። ከላይ እስከ ታች አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ። የልጄ ፊርማ ገና ባልደረሱ ቀኖች ላይ ሳይቀር አለ። «ሁላችንም እንዲህ ነው የምንፈርመው» አለኝ ልጄ። ሁላችንም!

ከዚያ ተፈተነ። ያው ሜዳ፣ ያው እንጨት። አለፈ። እናቱ እልል ስትል እኔ የመኪናውን ቁልፍ ደበቅኩ።

ቅሬታዬን ይዤ ስመጣ ሠራተኛዎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባት፣ ልጅዎ አልፏል አይደል? ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?» ወድቆ ቢሆን ቅሬታዬ ይገባው ነበር። ላለፈ ልጅ አባት ግን መስኮት የላችሁም።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአደባባዩ በአንድ ወገን የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል፤ እዚያ እስከ 120 ይነዳል። በሌላው ወገን ወደ ቃሊቲ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ሚኒባሱ ይተራመሳል። ሲመሽ ደግሞ ሲኖትራኩ ይለቀቃል። ሰው «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ለቀልድ አይደለም። መብራት በሌለበት አንድ እግረኛ ድንገት ፊቱ ድቅን ሲል ልጄ ምን ያደርጋል? ሜዳው ላይ እግረኛ አልነበረም።

የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጁን፣ ቁጥር 1074/2010ን፣ አልጠቅስልዎትም፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ መሆኑንም በየመድረኩ የምትነግሩን እናንተው ናችሁ። አደጋ ሲደርስ ታዲያ «የወጣቶች ችኩልነት» ይባላል። ሳይነዳ እንደነዳ ማን ፈረመለት ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የዚያን ማሰልጠኛ አቴንዳንስ አስመጥተው ይዩት። ፈተናውንም አስፋልት ላይ ያውጡት። ይህ አልሆንም ካለ ቀን ይቁረጡልኝ፤ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። መኪናው የኔ፣ ነዳጁም የኔ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከአደባባዩ እስከ ቃሊቲ እርስዎን ይዞ ይንዳ። እርስዎ ከጎኑ ይቀመጡ። የግል መኪና ስለሆነ በእርስዎ በኩል ፍሬን የለውም።