ከኮሚናሉ ጀርባ ላለው የልጆች ሜዳ እጃችሁን አትንፈጉን

ጎረቤቶቻችን፣ እዚሁ ግቢ ያደጋችሁና ዛሬ ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ከኮሚናሉ ጀርባ ያለውን ክፍት ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለዓመታት ቆሻሻ ሲጣልበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ሲያቁር ኖሯል። የነዋሪዎች ስብሰባችን ቦታው የልጆች መጫወቻ እንዲሆን ወስኗል። የግቢው ወጣቶችም ጠርገውታል። የቀረው ሥራ ገንዘብና ዕቃ ይፈልጋል፤ ወደ እናንተ የመጣነው ለዚህ ነው።

ልጆቻችን አሁን የሚጫወቱት በቆሙ መኪኖች መሃል ነው። መኪናው ሲበዛ የቀረው የግቢው ሜዳ ሁሉ ፓርኪንግ ሆነ። ኳስ መስታወት ትሰብራለች ተብሎ ጥበቃው ያባርራቸዋል፤ እሱም አይፈረድበትም፣ ተጠያቂው እሱ ነው። የተባረረው ልጅ ቤት ይገባል። እንዳያስቸግር ስልክ ይሰጠዋል። ቀኑ በዚያው ይመሻል።

«ትምህርቱን ያጥና እንጂ ጨዋታ ምን ያደርግለታል» የሚል ወላጅ አለ። ሐሳቡ ከጭንቀት እንደሚመጣ እናውቃለን። ግን ሴቶቹ ልጆች ሱዚ ሲጫወቱ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩ። ሁለቱ ላስቲኩን እግራቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ፣ ሌሎቹ በተራ ይዘላሉ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ከዚያ ወገብ። የተሳሳተች ወጥታ ላስቲክ ትይዛለች። ያኔ «ነክተሻል!» «ኧረ አልነካሁም!» ይጀመራል። ዳኛ የለም። ካኮረፉ ጨዋታው ይፈርሳል፣ እንዲፈርስ ደግሞ ማንም አይፈልግም። ስለዚህ ይከራከራሉ፣ ያየች ልጅ ትመሰክራለች፣ አንዷ ትለቃለች፣ ይቀጥላሉ። ገና በደንብ መዝለል የማትችል ትንሽ ልጅ ስትመጣ ላስቲኩ ዝቅ ይልላታል። ይህን አድርጉ ብሎ ያዘዛቸው የለም።

ከክፍለ ሀገር በቅርቡ የመጣች፣ አማርኛ የማትሰማ ልጅም እዚያው ሱዚ ላይ ነው መቁጠር የጀመረችው። አሁን ከሁሉም በላይ የምትከራከረው እሷ ናት።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዣን ፒያዤ ልጆች ስለ ሕግና ስለ ፍትሕ እንዴት እንደሚያስቡ ለማወቅ ስዊዘርላንድ ውስጥ ብይ የሚጫወቱ ልጆችን ነበር የጠየቀው። ይህን ሕግ ማን አወጣው? መቀየርስ ይቻላል? እያለ። በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንደጻፈው ትንንሾቹ ሕጉ ከላይ የመጣና የማይነካ ይመስላቸዋል። ከፍ ያሉት ግን ሁሉም ከተስማማ ሕጉ ሊለወጥ እንደሚችል ይገባቸዋል። ወደዚህ ያደረሳቸው ከእኩዮቻቸው ጋር መጫወታቸውና መነታረካቸው ነው። አዋቂ እያንዳንዱን ጠብ እየገባ ከዳኘ ይህ ትምህርት ይቀራል።

መጫወት መብትም ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ላይ አስፍሮታል፤ ኢትዮጵያም ኮንቬንሽኑን በ1991 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች።

ውድ የፕላስቲክ መጫወቻ አንገዛም። ይህ ያከራከረን ነጥብ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ሞል ውስጥ ያለውን ዓይነት ፈልጋችሁ ነበር። እኛ ግን ልጆቹ ዕቃ ሳይሆን ቦታ ነው ያጡት ብለን እናምናለን። መንገድ ለሰው በሚደረግባቸው እሑዶች አስፋልቱ ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነፃ ሲሆን ልጆቹ እንዴት እንደሚሞሉት አይታችኋል። እዚያ ማንም መጫወቻ አላስቀመጠላቸውም። ጠጠርና ቆርኪ ካላቸው ጨዋታ አያልቅባቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ውሃው የሚወርድበት ቦይ ነው። ቀጥሎ መሬቱ በገረጋንቲ ይደለደላል፣ ጥግ ላይ ለትንንሾቹ አሸዋ ይፈሳል፣ መኪና እንዳይገባ በቱቦላሬና በሽቦ ይታጠራል። ሰኞ ማክሰኞ የሚሠመርበት ሲሚንቶ ወለል፣ ሁለት ዥዋዥዌ፣ ለእናቶችና ለአያቶች አግዳሚ ወንበር፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችም አሉበት። መግቢያው ዊልቸር እንዲያስገባ ሆኖ ይሠራል፤ ይህን ሳንጨርስ ዥዋዥዌው አይተከልም።

የአቅማችሁን ስጡን። አንድ ቢያጆ አሸዋ ወይም ገረጋንቲ ሊያስመጣ የሚችል ትልቅ ሥራ ያቀልልናል። አሮጌ ጎማ፣ የተረፈ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ የዛፍ ችግኝ ካላችሁ እንቀበላለን። በያጅ ወይም ግንበኛ የሆናችሁ አንድ ቀን ጉልበታችሁን ስጡን። ከወር አስቤዛው ቀንሶ ጥቂት ብር የሚሰጥም ቢሆን ስሙ እኩል ይመዘገባል።

የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በየብሎኩ መግቢያ ላይ ተለጥፏል። በእጅ የምትሰጡ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ገንዘቡን በቤተሰቦቻችሁ በኩል ላኩልን። የገባውና የወጣው ዝርዝር በየወሩ መጨረሻ ኮሚናሉ በር ላይ ይለጠፋል። ቦይ መቆፈሩን የፊታችን እሑድ ጠዋት እንጀምራለን፤ ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።