ሎፎተን ለምትሄዱ የቡድናችን አባላት

ሰላም የተራራ ወዳጆች! እኔና ባለቤቴ ሰመሩን ያሳለፍነው ሰሜን ኖርዌይ፣ ሎፎተን የሚባሉት ደሴቶች ላይ ነው። ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

ሬይነብሪንገን የሚባለውን ተራራ 448 ሜትር ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት። የኔፓል ሼርፓዎች የደረደሩት የድንጋይ ደረጃ ወደ 2,000 ይጠጋል፤ ያውም ቀጥ ያለ ዳገት። ባለቤቴ ግማሽ ላይ ሲደርስ «አንቺ ውጪ፣ እኔ ፎቶሽን አያለሁ» ብሎ ቁጭ አለ። ቆሎ አቅምሼ አስነሳሁት። ከላይ ፊዮርዱ (በተራሮች መሃል የገባው ባሕር) እና ቀያዮቹ የዓሣ አጥማጅ ጎጆዎች ሲታዩ አጃኢብ ያሰኛል። ዝናብ ካለ ግን ይቅርባችሁ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። ለእንቅልፍ የዓይን መሸፈኛ ያዙ። ድንኳን ስትተክሉ ከሰው ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ራቁ፤ ጭራሽ የተከለከለበት ቦታም ስላለ ሰሌዳውን አንብቡ።

መንገድ ዳር ትልልቅ የእንጨት ቆጦች ታያላችሁ። ኮድ የሚባለው ዓሣ ያለ ጨው፣ በብርድና በንፋስ ብቻ የሚደርቅባቸው ናቸው። ጭንቅላቱ እንኳ አይጣልም፤ ደርቆ ናይጄሪያ ድረስ ይሄዳል። ሽታውን እኔ አልቻልኩትም (ባለቤቴ «ቋንጣ በይው» ይላል)።

መኪና የምትይዙ ከሆነ ከየብሱ ከተማ ከቡዶ ወደ ሎፎተኗ ሞስከነስ በሚሻገረው ጀልባ ላይ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።