ምስጥ የበላው ሰባት ዓመት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ውስጥ ወረቀት ማቆየት ቀላል አይደለም። ክረምቱ ይረዝማል፣ ግድግዳው እርጥበት ይይዛል፣ ምስጡ ደግሞ የማይገባበት የለም። ከ2004 እስከ 2011 ዓ.ም. በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት የመጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ። የቅጥር ውሌን፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዬንና የደመወዝ ወረቀቶቼን በብስኩት ካርቶን አድርጌ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። ባለፈው ሰኔ ካርቶኑን ስስበው ከታች ያለው አፈር ሆኗል። ከሥራ ልምዱ የተረፈችው የማኅተሙ ግማሽና «ከማንኛውም ዕዳ ነጻ ናቸው» የምትለው መስመር ናት። ዕዳ እንደሌለብኝ ምስጡም መስክሮልኛል።

በሚቀጥለው ዓመት 60 ይሞላኛል። አሁን ባለሁበት መሥሪያ ቤት ያገለገልኩት ስድስት ዓመት ነው። የዕድሜ ልክ ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ያስፈልጋል። ያ ሰባት ዓመት ካልተቆጠረልኝ የሚደርሰኝ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ዳረጎት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። መልካም ሕግ ነው፤ አሠሪው ካለ። የእኔው አሠሪ ድርጅቱን ሸጠው አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ስልካቸውም አይነሳም። ገዢው «እኛ የገዛነው ማሽኑን ነው እንጂ ሠራተኛውን አይደለም» አሉኝ። ጉዳዩ ይመለከተዋል የተባለው ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ደግሞ «የድርጅቱን ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። ፔሮሉ እጄ ላይ ቢኖር እዚያ ምን ያስኬደኝ ነበር?

ተስፋ የሰጡኝ የድሮው የሒሳብ ሹማችን ናቸው። ፈረንጅ አራዳ ቡና ሲጠጡ አግኝቼ ብሶቴን ነገርኳቸው። «እህቴ፣ ወረቀቱ አንቺ ጋ ብቻ አልነበረም እኮ» አሉኝ። «በየወሩ የሥራ ግብር ስናሳውቅ የእያንዳንዳችሁ ስም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ደመወዝና የተቆረጠው ገንዘብ በዝርዝር አብሮ ይገባ ነበር። ጡረታውም እንደዚያው።» እስከዚያ ቀን ይህን የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። መስኮት ላይ የተቀመጡት እንኳ!

ጥያቄዬም ይኸው ነው። ዝርዝሩ በመንግሥት እጅ ካለ ለምንድን ነው ከተሸጠ ድርጅት እንዳመጣው የምታዘዘው? ለጡረታ ከደመወዛችን እስከ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው እስከ 11 በመቶ ሲጨምር በስማችን ገብቷል። በስማችን ይፈለግልን። አሠሪዎችም በዓመት አንድ ጊዜ የተቆረጠውን ግብርና ጡረታ የያዘ አንድ ገጽ ማኅተም አድርገው ለየሠራተኛው ቢሰጡ ከአንድ ደስጣ ወረቀት የሚበልጥ ወጪ አያወጡም።

እስከዚያው ባንክ ሄጄ ከ2006 ጀምሮ በየወሩ የገባልኝን ደመወዝ በማኅተም አሳትሜያለሁ። ከዚያ በፊት ያለውን ፈርሜ በእጄ ስለምቀበል ባንኩ አያውቀውም። ማክሰኞ እንደገና ቢሮው እሄዳለሁ። የባንኩን ወረቀት በፌስታል ጠቅልዬ ቁምሳጥን ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አልጋ ሥር ምንም አላስቀምጥም።

የቀድሞ የመጋዘን ሠራተኛ
ከጅማ