እናቲቱን ሳታዩ ቡችላ አትግዙ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከርማችኋል? የምጽፍላችሁ ከሐይቅ ነው፣ ከደቡብ ወሎ። ጉዳዬ የውሻ ነገር ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ውሻ ይወራል ወይ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ግን ገንዘቡም የሚወጣው ከዚሁ ከኑሯችን ላይ ነው።

አባቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ጎንበስ ማለት አይችሉም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ከዘራቸው ወድቆ ከእግራቸው ሁለት ክንድ ያህል ርቋል። "መቼ ነው የወደቀው?" አልኳቸው። "ቅድም" ብቻ አሉኝ። የወደቀ ዕቃ አንስቶ የሚያቀብላቸው ውሻ ላሳድግላቸው የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ናቸው። አዳኝ የመታውን ወፍ ከውሃም ከቁጥቋጦም ሳያኝኩ በአፋቸው ይዘው እንዲያመጡ ተብሎ ዘራቸው እየተመረጠ የመጣ ነው። የላብራዶር አያቶች ካናዳ፣ ኒውፋውንድላንድ ውስጥ ከዓሣ አጥማጆች ጋር መረብ ሲጎትቱ የኖሩ ውሾች ናቸው፤ ይህን ሳነብ እኔም የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝና ልቤ ወደዚያው አደላ።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አገኘሁ። "ንጹሕ ላብራዶር፣ ሁለት ወር የሞላው፣ የተከተበ፣ አብሽር!" አለኝ። ብሩን ላክሁ፣ ቡችላው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ በካርቶን መጣ። ስከፍተው ጥግ ላይ ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅ በሽንት ርሷል፣ ከሰውነቱ ሆዱ ብቻ ተነፍቷል። ደሴ ያለ የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን አይቶ "ይሄ ከአምስት ሳምንት አይበልጥም" አለኝ። አባቴ ግን ወደዱት፣ ዳማ ብለው ስም አወጡለት። በአምስተኛው ቀን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዘው። ፓርቮ የሚባለው፣ ቡችላ የሚገድለው የአንጀት በሽታ ነው ተባለ። በሰባተኛው ሌሊት አባቴ ጋቢ ላይ ሞተ። ሻጩ ጋ ብደውል ብደውል አያነሳም።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፣ እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት "ስንት ነው?" ብዬ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ "እናቱን ማየት እችላለሁ?" ብዬ ነበር። እናቲቱን የማያሳይ ሰው አርቢ ሳይሆን ደላላ ነው። እናት ፈሪ ወይም ተናካሽ ከሆነች ልጆቿም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ይሆናሉ። ቡችላ ደግሞ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር መቆየት አለበት። ሲጫወት ወንድሙን ጠበቅ አድርጎ ከነከሰ ወንድሙ ይጮህና ጨዋታው ይቆማል፤ አፉን ማላላት የሚማረው እዚያ ነው፣ እና ዕቃ ለሚያቀብል ውሻ ደግሞ ሁሉ ነገሩ አፉ ነው! በላብራዶር ዘር ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይበዛል፣ ከወላጅም ይወረሳል። ስለዚህ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ጠይቁ። ከሌለ ከተኙበት አስነሷቸውና ሲራመዱ እዩ፣ የኋላ እግራቸውን የሚጎትቱ ከሆነ ተመለሱ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ኮምቦልቻ፣ አንዲት ሴት ጋ ነው። ግቢዋ አስገባችኝ፣ እናቲቱ መጥታ እጄን አሸተተችና ተመልሳ ተኛች። ከዚያ ጥያቄው በእኔ ዞረ። ቀን ቀን ማን ጋ ይውላል? አጥር አላችሁ? ጎረቤትስ? ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፣ ለቡና ሲመጡ የውሻ ለሃጭ እንዲነካቸው አይፈልጉም፣ ልክም ናቸው፤ "ና" ሲሉት የሚመጣ፣ "ተቀመጥ" ሲሉት የሚቀመጥ ውሻ እንደሚያስፈልገኝ ነገርኳት። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ዳማ የሞተበት ግቢ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አላስገባም ብላ የመጨረሻውን ክትባት በ16ኛው ሳምንት እስኪወስድ እሷው ጋ አቆየችው። "ካልሆነላችሁ ለሌላ ሰው እንዳትሰጡብኝ ወንድሜ፣ ለእኔ መልሱልኝ" አለችኝ። እንዲህ የሚል ሰው ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትንም በካርዱ ላይ በዓይናችሁ እዩ፣ በቃል አትመኑ። በሽታው ሰውን ይገድላል፤ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮም ይተላለፋል፣ እዚሁ እኛው ዞን ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ያሉትን ጥቂቶች ማለቴ ነው።

ቡችላው አሁን ሰባት ወሩ ነው። ከዘራው ገና ይከብደዋል፣ አንዱን ጫፍ ይዞ ይጎትታል። ነጠላ ጫማ ግን ያመጣል። አባቴ ሆን ብለው እየጣሉ ያስመጡታል።

አክባሪያችሁ፣ ከሐይቅ