ኩባንያውን ከመቀየራችን በፊት መስመሩን እንጠይቅ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ከጎረቤትም ከሥራ ባልደረባም አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ «ያለኝን መስመር ትቼ ወደ ሌላው ብዛወር የቤቴ ኢንተርኔት ይፈጥናል ወይ?» የሚል ነው። የምተዳደርበት ሙያ በመኖሪያ ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ኔትወርክ መዘርጋት ስለሆነ ጥያቄው ወደ እኔ መምጣቱ አያስገርምም። መልሴ ግን ብዙዎችን ቅር ያሰኛል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ቤት ፍጥነቱን የሚወስነው የኩባንያው ስም ሳይሆን እስከ ቤቱ የሚደርሰው የመስመር ዓይነትና ከበር ወዲህ ያለው አጠቃቀም ነው ብዬ አምናለሁ።

መቀየር መቻል በራሱ ትልቅ ነገር መሆኑን አልዘነጋሁም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ ዘርፉን ለግል ባለሀብት እስኪከፍትና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን እስኪያቋቁም ድረስ፣ ለአሥርተ ዓመታት የመሠረተ ልማቱ ባለቤት አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ነበር። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ለሞባይል ተጠቃሚ ይህ እውነተኛ ምርጫ ነው፤ አንዱን ሲም ካርድ አውጥቶ ሌላውን መክተት የደቂቃ ሥራ ነውና። የቤት ኢንተርኔት ግን ከዚህ ይለያል፤ ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ራሱ ከኩባንያ ኩባንያ፣ ከሰፈር ሰፈርም ስለሚለያይ ነው።

በከተማችን ይህ መንገድ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፦ ነባሩ የመዳብ የስልክ ገመድ፣ ፋይበር፣ እንዲሁም ከሞባይል ማማ በሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ በቤት ውስጥ ዋይፋይ የሚያሠራጭ ራውተር። በመዳብ ገመድ የሚሠራው ኤዲኤስኤል በተሻሻለው ደረጃው በሴኮንድ 24 ሜጋቢት ይደርሳል ቢባልም፣ ይህ የሚሆነው ቤቱ ለስልክ ጣቢያው እጅግ ቅርብ ሲሆን ብቻ ነው። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ እየደከመ ይሄድና 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሁለት ሜጋቢት ማግኘት እንኳ ዕድለኝነት ይሆናል። በዚያ ላይ ገመዱ ያረጀ፣ መጋጠሚያዎቹ የዛጉ፣ በክረምት ውኃ የሚገባባቸው ከሆኑ ደንበኛው ተጨማሪ ሜጋቢት ቢገዛም ገንዘቡን ከማውጣት በቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ፋይበር በአንጻሩ ብርሃን ስለሚያስተላልፍ በከተማ ውስጥ ያለ ርቀት አይበግረውም፤ ከጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያገለግላል። ስለዚህ ኤዲኤስኤል የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ እዚያው ነባር ኩባንያው ዘንድ ሆኖ ወደ ፋይበር ቢሸጋገር፣ ኩባንያ ከሚቀይረው ጎረቤቱ የተሻለ ለውጥ ሊያይ ይችላል። ይህን ስናገር ለማንም ማስታወቂያ እየሠራሁ አይደለም፤ ለሌላውም ኩባንያ ቢሆን ነገሩ ያው ነው።

ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም የ4ጂ ወይም የ5ጂ ራውተር፣ ቁፋሮና የገመድ ዝርጋታ ስለማይጠይቅ በብዙዎች ዘንድ ተወዳጅ ነው። ማማው ቅርብ በሆነበትና ተጠቃሚው ባልበዛበት ሰፈር ከአሮጌ የመዳብ መስመር እጅግ ይሻላል። ነገር ግን በማማው ሥር ያለው የአየር ሞገድ ለሞባይል ተጠቃሚውም ለቤት ደንበኛውም የጋራ በመሆኑ፣ ጠዋት የተለካው ፍጥነት ለምሽቱ ዋስትና አይሆንም። ደህና የሚሠራ ፋይበር ያለው ሰው ርካሽ ዋጋ አይቶ ወደዚህ ቢዛወር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዳይቆጭ እሰጋለሁ። መብራት ሲጠፋም የቤቱ ብቻ ሳይሆን የማማው ጉዳይ ይመጣል፤ የመጠባበቂያ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ደንበኛው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እርግጥ ነው፣ ፋይበርም ቢሆን የጋራ ነው። ለቤቶች በስፋት የሚዘረጋው ጂፖን የተባለው ሥርዓት ከጣቢያው በሚመጣ አንድ ክር ላይ በሴኮንድ ወደ 2.5 ጊጋቢት (2,500 ሜጋቢት) የሚጠጋ አቅም ይጭንና አብዛኛውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያከፋፍለዋል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለ32 ቤቶች ከ75 ሜጋቢት በላይ ለእያንዳንዳቸው ይደርሳል ማለት ስለሆነ ጭንቀቱ እዚህ ላይ አይደለም። ጭንቀቱ ከጣቢያው በስተጀርባ ያለው መስመር ስንት ደንበኛ እንደተጫነበት ነው፤ በኮንዶሚኒየም ጣሪያ ላይ ያለችው ሮቶ የአንድ ብሎክ ነዋሪ በሙሉ ማታ ቧንቧ ሲከፍት እንደምትሆነው ማለት ነው። ኩባንያ መቀየር በእርግጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ኩባንያ አቅሙን ሳያሳድግ ደንበኛ ሲያበዛ ሌላው በዚያው ሰፈር ገና ጥቂት ደንበኛ ካለው ልዩነቱ ይታያል። ሆኖም ደንበኞች ሁሉ ተከታትለው ወደዚያው በሄዱ ቁጥር ይህ ብልጫ እየተመናመነ እንደሚሄድ ማወቅ ይገባል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ብዙ ሰዎች የሚያማርሩበት ችግር ከመነሻው ኩባንያው ዘንድ አለመሆኑ ነው። ፍጥነትን የሚለኩት በስልካቸው፣ ከራውተሩ ሁለት ግድግዳ አልፈው፣ መኝታ ቤት ተቀምጠው ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳና የብረት በር ምልክቱን ምን እንደሚያደርጉት የሞከረ ያውቀዋል። በአያት፣ በጀሞ ወይም በኮዬ ፈጬ አንድ ፎቅ ላይ ቆሞ ስልኩን የከፈተ ሰው የጎረቤቶቹ ዋይፋይ ስም ተደርድሮ ያያል፤ እነዚህ ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ላይ ከሆኑ እርስ በርስ የማይጋጩት ቻናሎች (የሞገዱ መተላለፊያዎች) ሦስት ብቻ ናቸው፣ 1፣ 6 እና 11። ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ያለው ከሆነ በቅርብ ርቀት ይህን ግርግር ያመልጣል፤ ግድግዳ የማለፍ ጉልበቱ ግን አነስተኛ ነው። ራውተሩን ቴሌቪዥን ኋላ ደብቆ ኩባንያ መውቀስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ውል ከማፍረስ በፊት ላፕቶፕን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አያይዞ፣ ሌሎችን መሣሪያዎች አጥፍቶ፣ አንድ ጊዜ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜም ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። በሁለቱም ሰዓት የተከፈለበት ፍጥነት በገመድ ከተገኘ ችግሩ የዋይፋይ ነው፤ ማለዳ ተገኝቶ ማታ ከጠፋ የኩባንያው መጨናነቅ ነው፤ በሁለቱም ሰዓት ከጠፋ ደግሞ መስመሩ መታየት አለበት።

ሲለካም መለኪያውን አለማደባለቅ ነው። ኩባንያዎች የሚሸጡት በሜጋቢት ሲሆን ፋይል ስናወርድ የምናየው በሜጋባይት ነው፤ ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ስለሆነ የ10 ሜጋቢት ደንበኛ በሴኮንድ 1.25 ሜጋባይት ቢያወርድ የተበደለው ነገር የለም። አንድ ጊጋባይት ፊልም በዚህ ፍጥነት ከ13 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ኩባንያ በመቀየር ፈጽሞ የማይፈታም ነገር አለ። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት የውጭ ኢንተርኔታችን በጎረቤት አገሮች፣ በተለይም በጅቡቲና በኬንያ በኩል፣ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር ይገናኛል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር በርካታ ገመዶች በተቆረጡ ጊዜ እንደታየው፣ እንዲህ ያለ አደጋ የአንዱን ኩባንያ ደንበኛ ለይቶ አይመታም። የርቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10,000 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ገመድ ላይ ደርሶ መልሱ ብቻ 100 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል። አውሮፓ ካለ ሰው ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር የምትሰማንን መዘግየት ብዙ ሜጋቢት በመግዛት ማጥፋት አይቻልም።

ታዲያ ዜጋው ይህን ሁሉ በራሱ እንዲመረምር መተው ተገቢ አይመስለኝም። ዛሬ አንድ ደንበኛ ሲዋዋል የሚነገረው ከፍተኛው ፍጥነት ነው፤ በተጨናነቀው የምሽት ሰዓት ዝቅተኛው ስንት እንደሚሆን በውሉ ላይ ተጽፎ አላየሁም። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ኩባንያዎች ይህን ዝቅተኛ መጠን በውላቸው እንዲያሰፍሩ፣ ከዚያ በታች ሲወርድም ከወርሃዊ ክፍያው እንዲቀንሱ ቢያስገድድ፣ እንዲሁም በየክፍለ ከተማው በምሽት የተለካውን ፍጥነት በየሩብ ዓመቱ ቢያወጣ ተጠቃሚው በወሬ ሳይሆን በመረጃ ይመርጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በየሕንፃው የገባ ፋይበር በተመጣጣኝ ኪራይ ለሁሉም አገልግሎት ሰጪዎች ክፍት እንዲሆን ማድረግ ነው። ያ ቢሆን ኖሮ አንድ ነዋሪ መስመሩን ሳይነካ ኩባንያውን ብቻ መቀየር በቻለ ነበር። ለአንዱ ፋይበር አስፓልት ተቆፍሮ ሳይደርቅ ለሌላው ዳግመኛ የሚቆፈርበት ምክንያትም ባልኖረ ነበር።

እስከዚያው መቀየር ለሚያስብ አንባቢ የምለው አለኝ። የሽያጭ ሠራተኛውን ከመስማቱ በፊት በዚያው ብሎክ፣ ቢቻልም በዚያው ፎቅ፣ አዲሱን አገልግሎት የሚጠቀም ጎረቤት ፈልጎ አንድ ምሽት በእርሱ ቤት ይለካ። ነባሩንም መስመር አዲሱ ቢያንስ አንድ ወር እስኪፈተን ድረስ ባይዘጋው ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኔትወርክ ዝርጋታ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ